የጠዋቱ ኪኒን

«ዛሬ ጠዋት የግፊት ኪኒን የሰጣቸው ማነው?» ብላ የማደንዘዣ ሐኪሟ ስትጠይቅ፣ መተላለፊያው ላይ የነበሩት ዘመዶች ሁሉ እኩል ዞረው ሙሽሪትን አዩ። እርስ በርሱ የተያየ የለም፤ «እኔ እንጃ» ያለም የለም። ዓይን መንገድ ከለመደ ሳይነዱት ይሄዳል። ሙሽሪት የአማቷን ሹራብ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ያለበትን የፕላስቲክ ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጥርሳቸውን ያወለቀችላቸው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው እንዳይደፋ ስትጠነቀቅ ነው የረፈደው። ጥያቄውን እንደሰማች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር፣ ሰው ሊነጥቃት የመጣ ይመስል ኩባያውን ወደ ደረቷ ማስጠጋት ነው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። የቆቡ ላስቲክ ግንባሯ ላይ ሰንበር አውጥቷል፤ ጭምብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ለማስረዳት ትሞክራለች፤ ድምፅዋ ግን ይጣደፋል። የሐሞት ጠጠር ማውጣት ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ቀዶ ሐኪሙም ጀምሮት ነበር። ነገር ግን እንቅልፍ ከወሰዳቸው ትንሽ ቆይቶ የደም ግፊታቸው ወረደ። ማደንዘዣ የደም ሥርን ያላላል፣ ግፊት ያወርዳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ማንሻ መድኃኒትም አለው። የእሳቸው ግን እንቢ አለ። ፈሳሹ በደም ሥር ገባ፣ ማንሻው ተሰጠ፣ ተደገመ፤ ብቅ ይልና ተመልሶ ይሰምጣል። «እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ያቺን ኪኒን በዕለቱ ጠዋት የዋጠ ሰው ነው» አለች። «እሷም የደም ሥር ታላላለች፣ ማደንዘዣውም ያላላል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አቁሙ ያልናችሁ ለዚህ ነበር።»

«ኪኒኗን የምትይዘው እሷ ናት» አለች እትዬ፣ የአማቷ የበኩር ልጅ፣ ጣት ማንሳት እንኳ ሳያስፈልጋት በአገጯ ወደ ሙሽሪት እየጠቆመች። «ጠዋትም ማታም የምትሰጣት እሷ ናት።»

«እኔ አልሰጠሁም» አለች ሙሽሪት።

«ታዲያ መልአክ ወርዶ ነው የሰጣት?»

ሙሽሪት ወደ ባሏ ዞረች። አቡሽ ትከሻው ትከሻዋን እየነካ ከጎኗ ቆሟል። አንገቱን ደፍቶ የወለሉን ሴራሚክ ያያል። ያን ጊዜ ገባት። እስኪናገር ጠበቀችው። ነገር ግን በሩ ተበርግዶ አንዲት ነርስ «ዶክተር፣ ቶሎ!» ስትል ሐኪሟ ቃሏን ሳትጨርስ ሮጠች፤ በሩ ከኋላዋ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ቆመ። አቡሽም አፉን ሳይከፍት ቀረ።

ሙሽሪት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ከሠርጉ ማግሥት አማቷ «ሙሽሪት፣ ነይ እስቲ» ብለው ጠሯት፤ ይኸው ልጇ ለትምህርት ደርሳ፣ የራሷም ጸጉር ከጆሮዋ በላይ ሸብቶ፣ ስሙ አልለቅ አላት። ቤቱ በዚያ ይጠራታል፣ ጎረቤቱ በዚያ ይጠራታል፤ የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋበት ፋብሪካ ድረስ ስልክ ሲደወል «ሙሽሪት አለች?» ነው የሚባለው። ደግ ቀን ሲሆን ቁልምጫ ነው። ክፉ ቀን ሲሆን ደግሞ፣ ትናንት ነው የመጣሽው፣ ነገ ብትሄጂም አይደንቅም ማለት ነው። አቡሽም ያው ነው፤ የሊፍት ጥገና ባለሙያ ሆኖ፣ ስንት ሰው በሥሩ እያዘዘ፣ ለእናቱና ለእህቱ ዛሬም አቡሽ ነው። ልዩነቱ፣ አቡሽ መባል ያጠፉትን ያስምራል። ሙሽሪት መባል ያላጠፉትን ያስጠይቃል።

ነገሩ የተጀመረው ማታ ራት ላይ ነበር። አማቷን ለቅድመ ምርመራ ይዛ የሄደችው ሙሽሪት ብቻ ስለነበረች፣ ትእዛዙን የሰማችውም እሷ ብቻ ናት፤ ነጯን ኪኒን ማታም ጠዋትም እንዳትሰጪያቸው። ለሁሉም ነገረች። አማቷ ማንኪያቸውን ሾርባው ውስጥ ትተው «ደግሞ መድኃኒቴን ልትነፍገኝ ነው» አሉ። አቡሽ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች፤ በዚያው ያለፈ መሰላት። ሊነጋጋ ሲል ግን የመታጠቢያ ውሃ ልታሞቅ ወጥታ ሳለ፣ ከአማቷ ክፍል ሹክሹክታ ሰማች። «አባቴ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ግፊቴ ተነሥቶ እዚያ ሳልደርስ ልሙትልህ?» ከዚያ ኪኒን ከማሸጊያው ሲፈለቀቅ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ተከተለ። ስትገባ አቡሽ ብርጭቆ ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «አፏ ደርቆ ነው፣ አጉመጠመጥኳት» አላት። መሳቢያውን ስባ ማየት ትችል ነበር። ግን በዚያ ቤት በእናትና ልጅ መሃል ገብቶ መጠየቅ ጠብ መጫር ነው፤ ያውም በቀዶ ጥገና ቀን። ውሃው ሞቀ አለች፣ አማቷን ደግፋ አስነሣች፣ ጀርባቸውን አጠበች።

መተላለፊያው በረኪና በረኪና ይሸታል። ከግድግዳው ጋር የተበየዱት የብረት ወንበሮች መሃላቸው ተሰብሮ ሰው ጎንና ጎን ነው የሚቀመጥባቸው፤ እትዬ ከአንደኛው ጫፍ፣ ሙሽሪት ከሌላው። ከፊት ለፊታቸው «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሊፍት አለ። እትዬ የቤት ዕቃ መደብር ያላት፣ ስልክ ላይ ዕቃ መሸጥ የለመደች ሴት ናት፤ ዛሬም ስልኳ ከጆሮዋ አልወረደም። ለመጀመሪያዋ ደዋይ «ግፊቷ ወርዶ አልነሣም አለ፤ ያልሆነ ኪኒን ተሰጥቷት ነው አሉ፣ ምራቷ ናት» አለች። ለሁለተኛው «ሐኪሞቹ አትስጡ ብለው እያስጠነቀቋት፣ እንቢ ብላ» ሆነ። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ «እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፣ የልብን ማን ያያል» ተባለ። ስልክ በተደወለ ቁጥር ነገሩ እየወፈረ ሄደ። ሙሽሪት ይህን ሁሉ የምትሰማው በሁለት ባዶ ወንበር ርቀት ነው፤ እትዬም እንደምትሰማ ታውቃለች። ከእነሱ ወዲያ የአማቷ ታናሽ ወንድም ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አጎትየው ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ሰላም ያለው ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ሻይ ላምጣልዎ?» አለቻቸው ሙሽሪት፣ መነሻ ምክንያት ብታጣ።

«ሽማግሌ?» አሉ አጎትየው። «ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?»

ኩባያውን ከሹራቡ ጋር ወንበሩ ላይ አስደግፋ ወደ ደረጃው ሄደች። የእግር ኮቴ ከኋላዋ ሰማች፤ አቡሽ ነው። በሁለት ፎቅ መሃል፣ የተሰባበሩ አልጋዎች ተደራርበው በቆሙበት ጥግ ያዛት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስታየው አዘነችለት፤ በኋላ ራሷን የታዘበችው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ አልነበረም።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ራሴን ራሴን ስትለኝ ምን ላድርግ?» አለ። «ለአንዲት ቀን ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ስሚኝ፣ እስክትነቃ ድረስ ብቻ ቻይልኝ። ከነቃች እኔው ራሴ እነግራታለሁ፤ ስቃ ታልፈዋለች። አሁን ግን እትዬ ብትሰማ ትገድለኛለች።»

«እኔንስ?»

«አንቺንማ ድሮም አትወድሽም» አለ አቡሽ፣ በየዋህነት፣ ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነው በሚል ድምፅ። «አንቺ ላይ ምን ይጨምርብሻል?»

አንድ ሰው ባልዲና መወልወያ ይዞ እየወጣ ነበር፤ ለማሳለፍ ሁለቱም ከግድግዳው ተጣበቁ። አቡሽ ከሰውየው ጋር አብሮ ተመለሰ። እሷ ወርዳ ሻይ ገዛች፣ ይዛ ወጣች፣ ለአጎትየው ሰጠች፤ ለእትዬም ሰጠች። እትዬ ተቀበለች፤ አመሰግናለሁም አላለች፣ አልጠጣም አላለችም፤ አጠገቧ አስቀምጣው ቀዘቀዘ።

ሐኪሟ ስትመለስ ቆቧን አውልቃ ነበር። ቀዶ ጥገናውን አቋርጠው ሆዳቸውን ዘግተዋል፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወስደዋቸዋል። ልባቸው አንዴ ቆሞ ነበር፤ ተመልሷል። ግፊቱ የተያዘው በማያቋርጥ መድኃኒት ነው፤ እስከዚያው ግን ኩላሊትም አንጎልም በቂ ደም ሳያገኙ ቆይተዋል፤ እትዬ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪሟ ወደ ሙሽሪት ቀረበች።

«ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ እሺ? ኪኒኗ ገና ከሰውነታቸው አልወጣችም። ከምን ጋር እንደምንታገል ማወቅ አለብኝ። አንድ ነው የሰጠሻቸው፣ ሁለት?»

ሙሽሪት አታውቅም። እውነቱ ይህ ነበር፤ ሊያስደብቅም ሊያስዋሽም የማይችል እውነት። ልትችልለት ወስና ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ የምትሸከመውን ልክ አልነገራትም። ሐኪሟ ትጠብቃለች፤ እትዬ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ አቡሽ ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ በጆሮዋ ሹክ አላት፤ «ሁለት በያት።»

«ሁለት ነው ይላል» አለች ሙሽሪት።

አጎትየው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ፊት ቀረቡ። «ማነው የሚለው?» አሉ፣ መስማት የተሳነው ሰው በሚናገርበት ከፍ ያለ ድምፅ።

ሐኪሟ ዓይኗን ከሚስት ወደ ባል አዛወረች፤ ለመገረም ጊዜ አልነበራትም። «ሁለት? መቼ?» ብላ አቡሽን ጠየቀችው። አቡሽ መልሱን ለወለሉ ተናገረ፤ ሊነጋ ሲል፤ የማታውን አልዋጠችም ነበርና ለማካካስ ብዬ። ሐኪሟ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። በሩ ሲዘጋ አቡሽ እንደ ሕፃን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እትዬ ተነሣች። ሙሽሪት ልትመታው ነው ብላ አንድ እርምጃ ወደ እነሱ ሄዳ ነበር። እትዬ ግን የወንድሟን ራስ ጎትታ አንገቷ ሥር አስገባችው። «አይዞህ፣ አይዞህ የእኔ ወንድም። ለእናትህ ብለህ ነው። ራሴን ስትልህ ምን ታደርግ? ፍቅር ነው፣ ሌላ ምን ነው» ትለዋለች፣ ጀርባውን እየደባበሰች። ከዚያ በትከሻው በላይ ሙሽሪትን አየቻት።

«አንቺስ» አለች፤ «የማታውን ሰጥተሻት ቢሆን፣ ሁለት ይሰጣት ነበር?»

አጎትየው ቀስ ብሎ ገብቷቸው ነበር። «ጥፋቱ ያው አይደለም እንዴ?» አሉ፣ መተላለፊያው እስኪያስተጋባ ድረስ። «ቅድም እሷ ናት ስትሉ እንዲህ አልተባለም!» ወዲያ ማዶ የተቀመጡ የሌላ ሰው ዘመዶች ቀና ብለው አዩ። እትዬ «ዝም በሉ ጋሼ፣ ሰው ይሰማል» አለቻቸው። እትዬም ስልኳን አውጥታ ለነዚያ ለቅድሞቹ ሰዎች ነገሩን ልታርም ተመልሳ ስትደውል ሙሽሪት አላየችም፤ ጠብቃ ነበር።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። እትዬ ገባች፤ ብዙ ሳትቆይ እያለቀሰች ወጣች። አቡሽ አልችልም አለ። ኋላ ነርሷ ብቅ ብላ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር፣ ምን እንደማይስማማቸው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳላቸው የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ስትል፣ ሁለቱም ልጆች እንደገና ዞረው ሙሽሪትን አዩ። ጫማዋን በፕላስቲክ ሸፍና ገባች።

አማቷ አንሰው ነበር። ፊታቸው አብጦ፣ አፋቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ከንፈራቸው በፕላስተር ተይዞ፣ ጥርስ በሌለበት ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ስክሪኑ ላይ ከሚሯሯጡት ቁጥሮች ሙሽሪት የምታውቀው ግፊቱን ብቻ ነው፤ ቤት ስትለካቸው የኖረች ናትና። ቤት የታችኛው ሆኖ እንኳ አነሰ የምትለው ቁጥር፣ እዚህ የላይኛው ሆኖ ተቀምጧል። እግራቸውን በብርድ ልብሱ ሥር ገብታ ያዘች፤ በረዶ ነው። ማታ ማታ ሲያማቸው እንደምታደርገው በመዳፏ ማሸት ጀመረች። ይህች ሴትዮ ስንት ቀን አስለቅሳታለች፤ ስንት ቀን ደግሞ በበር ቆማ ከፋብሪካ እስክትመለስ ጠብቃ ራት አሙቃላታለች። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማሰብ ከባድ ነበር፤ እግሩን ብቻ አሰበች።

ሐኪሟ ከአልጋው ማዶ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ጠዋት ማደንዘዣውን ከመስጠቴ በፊት እኔ ራሴ ጠይቄያቸው ነበር። እማማ፣ ዛሬ የዋጡት ኪኒን አለ? አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው፣ ምንም አልዋጥኩም፣ ምራቴ መቼ ታስቀምሰኛለች፣ አሉኝ። አብረን ሳቅን።» ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አዞረች። «የሳቁት አሁንም ይታየኛል።»

ሙሽሪት ማሸቷን አላቆመችም። ልጃቸውን እንዳይቆጡባቸው ብለው ነው፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ለዚያም ቢሆን መሸፈኛ ሲፈልጉ ቅርብ የነበረችው እሷ ናት። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ ወቀሳ ይሁን ይቅርታ ግን መለየት ስላቃታት «አለሁ» ብቻ ብላ ቀና አለች።

ሲመሻሽ ጥበቃዎቹ ሰው ሁሉ ይውጣ አሉ። እትዬ አጎትየውን በመኪናዋ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሙሽሪትና አቡሽ በእግራቸው ሄዱ። ልጃቸው ጎረቤት እንዳለች ናት። ቤቱን ሲከፍቱ የአማቷ አልጋ ጠዋት ሲነሡበት እንደነበረው ተመሰቃቅሎ ነበር፤ ሙሽሪት መብራቱን አብርታ አንሶላውን ማስተካከል ጀመረች። አቡሽ በሩ ሥር ቆመ። «ለምን በሁሉም ፊት አዋረድሽኝ?» አለ። «እሺ፣ ሁለት ብለሽ ዝም ማለት ምን ነበረበት?» እሷም ያን ጊዜ፣ ወደ ልቡ ሊመልሰውም ሊያሳርፈውም ይችላል ብላ፣ ሐኪሟ የነገረቻትን ነገረችው። እናቱ ተጠይቀው አልዋጥኩም ማለታቸውን።

አቡሽ ቀና አለ። ደም ወደ ፊቱ ሲመለስ ታየ። «ተጠይቃ ነበር?» አለ። «ራሷ ነች የደበቀችው?» ስልኩን አወጣና እዚያው ቆሞ ለእህቱ ደወለ። «እትዬ፣ ስሚ፣ ሐኪሟ ጠይቃት ነበር እኮ! አልዋጥኩም ብላ! አዎ፣ እማዬ ራሷ! ብትናገር ኖሮ አያደነዝዟትም ነበር፤ ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?» ሙሽሪት ትራስ እንደያዘች ሰማችው። ስልኩን ሲዘጋ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ። ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሰ ትዝ አለው። «የሚበላ ነገር አለ?» አለ።

ዳቦ ቆረሰችለት። ወንበር ስቦ ተቀምጦ አንዴ ጎርሶ ሳይውጥ የሙሽሪት ስልክ ጮኸ። ሆስፒታሉ የያዘው የእሷን ቁጥር ነው። ቆማ ሰማች፤ «እሺ» አለች፣ እንደገና «እሺ» አለች፣ «ማታውኑ እንመጣለን» ብላ ዘጋች። ለአቡሽ መናገር አላስፈለጋትም። የጎረሰውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ጉንጩ እንደተነፋ ያያታል፤ እንባው በዚያው ላይ ይወርዳል። ሄዳ ራሱን ያዘችው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ለማን እንደሆነ ሳትለይ ለሁሉም አለቀሰች። ውጭ መንገዱ ላይ የአንድ ሰው መኪና አልነሣም ብሎ ያጉረመርማል።

«ለእትዬ አንቺ ደውይላት» አለ አቡሽ፣ ፊቱን ከልብሷ ሳያወጣ። «እኔ አልችልም። አንቺ ትችያለሽ።»

ሙሽሪት እጇን ከራሱ ላይ አነሣች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የእሱን ስልክ አንሥታ ቅድም የደወለበትን ቁጥር ነካች፤ መጥራት ሲጀምር መዳፉን ከፍታ አስያዘችው። ከወዲያ በኩል የእትዬ ድምፅ ወዲያው መጣ፤ «ሀሎ፣ አቡሽ? ደግሞ ምን አሉ?» አቡሽ ሚስቱን አየ። ሙሽሪት ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«እትዬ» አለ።

የሚቀጥለውን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ሙሽሪት አልረዳችውም።